ኮሚክስ ሳነብ ይነጋል፤ ለመሆኑ «ቡም!» በአማርኛ ምንድን ነው?

የማታ ፈረቃ | ሰኞ፣ ከሌሊቱ 8፡20

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሐዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ሪሴፕሽን ነኝ። የማታ ፈረቃ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ እንግዳ ብርቅ ነው። ጥበቃው ጋቢውን ተከናንቦ ያንቀላፋል። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ከዋይፋዩ ጋር እፋጠጣለሁ።

ከሦስት ወር በፊት ሲሰለቸኝ ስልኬ ላይ አንድ ሥዕል አየሁ። ዘንዶ ነው። ግን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ሥር ተጠቅልሎ የምናውቀው ዓይነት አይደለም። ክንፉ ሰፈር ያለብሳል። ከሥሩ ፋኖስ የያዘች ትንሽ ልጅ ቆማለች። ሳየው ደንግጬ ወንበሬን ወደኋላ ገፋሁ። ማን ሣለው ብዬ ስፈልግ የጌም ካርድ ሥዕል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወደ ሌላ ሠዓሊ ሄድኩ። እሱ ደግሞ በየሳምንቱ የሚያወጣው ኮሚክስ (በሣጥን በሣጥን በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) አለው። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ቀና ስል የገብርኤል ቅዳሴ ይሰማል።

አሁን ሱስ ሆኖብኛል። ግን መንገዱን አላውቀውም። የሱፐርሄሮውን ዓለም ከየት ነው የሚጀመረው? አንዱን ስከፍት «ይህ ከቁጥር 412 የቀጠለ» ይለኛል። ቤት ስሆን ደግሞ ዳታዬን ይጨርሰዋል።

ሌላም አለ። የ12 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ይሥላል። እሱ እየሣለ እኔ እየጻፍኩ አንድ አጭር ታሪክ ጀምረናል። ታቦር ተራራ የተኛ ዘንዶ ጀርባ ነው፣ አንድ ቀን ይነቃና ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ሦስተኛው ክፍል ላይ ተራራው ሲሰነጠቅ ምን ብዬ ልጻፍ? «ቡም» ብዬ ጻፍኩ። ወንድሜ አይቶ «ይሄ የፈረንጅ ተራራ ነው?» አለኝ። ተሰበርኩ።

ቁጥር አንድ | ሰኞ፣ ጠዋት 2፡05

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። መውጫ የለውም፣ አስቀድሜ ልንገርሽ።

የሱፐርሄሮ ነገር እንደ ለቅሶ ቤት ነው። የሟቹን ዘር ማንዘር ቆጥረሽ ጨርሰሽ አይደለም የምታለቅሺው። ገብተሽ ትቀመጫለሽ፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ቀስ እያለ ይገባሻል። ከመጀመሪያው ልጀምር ካልሽ ሱፐርማን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1938 ነው የወጣው። ጨርሰሽ አትደርሺበትም። ተጀምሮ የሚያልቅ አንድ ታሪክ ምረጪ። አንድ ጸሐፊ ከወደድሽ ገጸ ባሕሪውን ሳይሆን ጸሐፊውን ተከተይ። ይሄ ምክር ሁለት ዓመት ያተርፍልሻል። እኔ አጥቼው ነው የከሰርኩት።

ሱፐርማንን ካነሳሁ አይቀር፣ የፈጠሩት ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ናቸው። መብቱን በ130 ዶላር ሸጡት። አዎ፣ 130። ስማቸው እንዲመለስና የጡረታ ገንዘብ እንዲያገኙ 1975 ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው። ሱፐርማን መጀመሪያ ላይ አይበርም ነበር፣ ታውቂያለሽ? ይዘል ነበር እንጂ። ሐልክ የሚባለው ግዙፉ ጀግናም በ1962 ሲወጣ አረንጓዴ አልነበረም። ግራጫ ነበር። ማተሚያው ግራጫውን አንድ ዓይነት አድርጎ ማውጣት አልቻለም፤ አንዱ ገጽ ላይ ይጠቁራል፣ አንዱ ላይ ይነጣል። በሚቀጥለው ቁጥር አረንጓዴ አደረጉትና ቀረ። ዓለም የሚያውቀው ቀለም የማተሚያ ቤት ችግር የወለደው ነው። ስለዚህ የናንተም ዘንዶ ቢበላሽ አትደንግጡ።

ከአገር ቤት ደግሞ «ጀምበር»ን ፈልጊ። ኢታን ኮሚክስ ያወጣው ነው። ጀግናው ኢትዮጵያዊ፣ ጽሑፉም በአማርኛና በእንግሊዝኛ። እነሱ ድምፆቹን እንዴት እንደተወጧቸው ማየት ይጠቅምሻል።

አባ ኮዳ | ሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

ሱፐርማን በ130 ዶላር! አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ ለአንድ ቆረሶ ዓሣ ከዚህ በላይ ይከራከራሉ።

ባለ ሃያ ገጽ | ሰኞ፣ ቀን 6፡30

ስለ ዘንዶው ሥዕል እኔ ልመልስ፤ የኔ ሰፈር ነው።

ያየሽው ሥዕል የመጣበት ዓለም የተጀመረው ያለ ኮምፒውተር ነው። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን አወጡ። ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ነው ያለው። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠሽ አንዱ ይተርካል፣ ሌላው «በሩን እሰብራለሁ» ይላል፣ ዳይሱ ይወስናል። ሁሉም ነገር ጭንቅላት ውስጥ ስለሆነ ሥዕል ያስፈልጋል። ጭራቁን አይተሽው ካልሆነ እንዴት ትፈሪዋለሽ? በኋላ በ1993 «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የሚባለው የካርድ ጨዋታ መጣ። እሱ ላይ ካርዱ ግርጌ የሠዓሊው ስም ይታተማል። እኔ ሠዓሊዎቹን ያወቅኩት በዚህ ነው። ስሙን አንብበሽ ስሙን ትፈልጊያለሽ። ሠዓሊዎች ሥራቸውን የሚለጥፉበት «ዲቪያንት አርት» የሚባል ድረ ገጽ ከ2000 ጀምሮ አለ፤ ሙያተኞቹ አሁን በብዛት «አርትስቴሽን» ላይ ናቸው።

አንድ ነገር ሞክሪ። የወደድሽውን ሥዕል ስልክሽ ላይ የቴምብር ያህል እስኪሆን አሳንሺው። አሁንም ዘንዶውና ልጅቷ ይለያሉ? ካርድ ላይ የሚታተም ሥዕል በእጅ መዳፍ ስለሚያዝ ሠዓሊው መጀመሪያ የሚጨነቀው ለዚህ ነው። ጥላው ብቻውን ታሪኩን መናገር አለበት። ከዚያ ቀለሙን አጥፊውና በጥቁርና ነጭ እይው። በጣም የነጣው ነገር በጣም ከጠቆረው አጠገብ የት ላይ ነው? ፋኖሱ ላይ ነው፣ አይደል? ዓይንሽን እዚያ የወሰደሽ ሠዓሊው ነው። ዘንዶውን በኋላ ነው ያየሽው፤ የደነገጥሽውም ለዚያ ነው።

ለወንድምሽ ይሄን አሳዪው። ሚዛን መጠበቅ፣ ሰውነት መሣል፣ ያ ሁሉ ቀስ ብሎ ይመጣል። ባይመጣም ግድ የለም። «ዘ ኦርደር ኦፍ ዘ ስቲክ» የሚባል ከ2003 ጀምሮ የሚወጣ ኮሚክስ አለ። ሰዎቹ በሙሉ የክብሪት እንጨት ናቸው። ክብ ጭንቅላት፣ ቀጭን እጅ። በ2012 መጽሐፎቹን እንደገና ለማሳተም ከአንባቢ መዋጮ ጠየቀ፤ ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገባ። በክብሪት እንጨት!

የማታ ፈረቃ | ሰኞ፣ ማታ 2፡15

ፋኖሱ!! አሁን ሄጄ አየሁት። እውነትም ነጭ ያለው እሱ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ሥዕል በሰላም ማየት አልችልም፣ ምን አደረግከኝ።

ቴሌግራሜ | ሰኞ፣ ማታ 2፡50

ምን ያደክማችኋል? ቴሌግራም ላይ ሁሉም በፒዲኤፍ አለ። ከ1 እስከ መጨረሻው። ሊንክ የሚፈልግ በውስጥ መስመር።

ቁጥር አንድ | ሰኞ፣ ማታ 2፡58

ወንድሜ፣ የ130 ዶላሩን ታሪክ አሁን ነው የጻፍኩት። አንተ ደግሞ 130ዋን እንኳ ልትከለክል ነው።

ቴሌግራሜ | ሰኞ፣ ማታ 3፡04

በምን ልክፈል? ካርዴ ከአገር አይወጣም። ዶላር ከየት ላምጣ? እኔ መክፈል ጠልቼ አይደለም። ቢቻል በቴሌብር እልክላቸው ነበር። አሁን ሁሉ ሰው ጻድቅ ሆነ።

የማታ ፈረቃ | ሰኞ፣ ማታ 3፡20

ልጁ ያለው እኮ እውነት ነው። እኔም አንዱን ልገዛ ሞክሬ ሦስት ጊዜ «ካርድዎ ተቀባይነት የለውም» ብሎኛል። ግን ወንድሜ የሣለውን ሰው ወስዶ ስሙን ቆርጦ ቢለጥፈው ምን እንደምሆን ሳስብ ደግሞ... አላውቅም። ሳይከፈልበት በሕጋዊ መንገድ የሚነበብ የለም?

ሲያን ማጀንታ | ሰኞ፣ ማታ 3፡45

ሞልቷል እንጂ። እኔ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው፣ የሥራ ጠባዬ ሆኖ መጀመሪያ የማየው መብቱን ነው።

«ዌብቱን» አፑን አውርጂ። የኮሪያው ኔቨር ኩባንያ በ2004 የጀመረው ነው። ከላይ ወደ ታች በአውራ ጣት እየገፋሽ የምታነቢው። ገጽ የሚባል ነገር የለም፣ ለስልክ የተሠራ ነው። ብዙው ነጻ ነው። ፔንሲዮኑ ዋይፋይ ላይ አንቢው፤ የዳታው ጣጣ አለቀ።

ዳታ ካነሣን «ኤክስ ኬ ሲ ዲ» የሚባለው ከሁሉም ይረክሳል። ጥቁርና ነጭ፣ ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ሣጥን። ራንዳል መንሮ የሚባል ናሳ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሰው ከ2005 ጀምሮ ይሥለዋል። ስለ ፊዚክስ ይቀልዳል። ግማሹ አይገባኝም፤ የገባኝ ግማሹ ግን ያስቀኛል።

የድሮ የአሜሪካ ኮሚክስ ከፈለግሽ «ዲጂታል ኮሚክ ሙዚየም» ላይ መብታቸው ያለቀባቸውን በነጻ ማውረድ ይቻላል። ወረቀቱ ቢጫ፣ ቀለሙ ነጠብጣብ። እኔ ለነጠብጣቡ ስል ብቻ አያቸዋለሁ።

ላንቺ ግን በጣም የሚሆንሽ «ፔፐር ኤንድ ካሮት» ነው። ዴቪድ ረቮይ የሚባል ፈረንሳዊ ሠዓሊ በ2014 ጀመረው። አንዲት ትንሽ ጠንቋይና ድመቷ። ፈቃዱ ስሙን እስከጠቀስሽ ድረስ እንድትተረጉሚው፣ እንድትለውጪው፣ እንድትሸጪውም ይፈቅዳል። ጽሑፉ ከሥዕሉ ተለይቶ በራሱ ፋይል ስለተቀመጠ ሥዕሉን ሳትነኪ ቋንቋውን ብቻ ትቀይሪያለሽ። የሚሥልበት «ክሪታ» የሚባለው ፕሮግራምም ነጻ ነው። ለመለማመጃ ከዚህ የተሻለ የለም።

አባ ኮዳ | ሰኞ፣ ማታ 3፡50

ሰውየው ራሱ ውሰዱ ካለ እንግዲህ ቴሌግራሜ ሥራ ፈታ።

ቴሌግራሜ | ሰኞ፣ ማታ 3፡52

😂 እሺ ይሁን። ፔፐሯን አየኋት። ድመቷ ተመችታኛለች።

የማታ ፈረቃ | ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 9፡40

ፔፐርን ሁለት ገጽ ወደ አማርኛ መለስኩ። ንግግሩ አላስቸገረኝም። ድምፁ ገደለኝ። ሰው ሲወድቅ፣ ማሰሮ ሲፈላ፣ ነገር ሲፈነዳ። እንግሊዝኛውን በፊደላችን ብጽፈው የወንድሜ ነገር ትዝ ይለኛል። እስቲ እርዱኝ፤ ሰው ከከፍታ ሲወድቅ ምን ይላል?

ባለ ሃያ ገጽ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

ዘጭ።

ቁጥር አንድ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡41

ዘጭ ለወፍራም ነው። ቀጭን ሰው «ዷ» ነው የሚለው።

አባ ኮዳ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡44

ከባጃጅ የወደቀ «እንክትክት»። በራሴ አይቻለሁ።

ሲያን ማጀንታ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

ቆይ ቆይ። ይሄ እኮ ሀብት ነው። ጥፊ «ጯ»። በር «ጓ»። ማሰሮው «ቱግ»። ግን የሚገርመው ድምፅ የሌለውም ድምፅ አለው። ሰው ሮጦ ሲጠፋ «እልም»። ሐሳብ ሲመጣ «ብልጭ»። ደንግጦ ጆሮው «ጭው»። ዓይኑ «ፍጥጥ»። መብራት ሲጠፋ «ድርግም»። ከነዚህ አብዛኞቹ ጆሮ አይሰማቸውም፤ እኛ ግን «አለ» እንላለን። መብራቱ ድርግም *አለ*። ማን ሰምቶት?

ባለ ሃያ ገጽ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡25

ጃፓኖች እንደዚሁ ናቸው! ማንጋ ላይ ለዝምታ ራሱ ድምፅ አላቸው። «ሺን» ብለው በትልቁ ይጽፋሉ። ሰው የሌለበት ክፍል፣ በአየሩ ላይ «ሺን»። የእንግሊዝኛው ኮሚክስ ዝም ሲል ዝም ብሎ ባዶ ይተወዋል። እኛ «ጭር» አለን፣ «እርጭ» አለን። ስለዚህ የኛ አማርኛ ከአሜሪካው ይልቅ ለማንጋው ይቀርባል ማለት ነው። ይሄን ዛሬ ገና አሰብኩት።

አባ ኮዳ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡30

«ድርግም»ን እኛ ሰፈር በሳምንት ሦስት ጊዜ እናነበዋለን።

ፈጣን መፍትሔ | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡10

ምን ያጨቃጭቃችኋል፣ ኤአይ በአንድ ደቂቃ ይሥለዋል፣ ድምፁንም ይጽፈዋል።

ባለ ሃያ ገጽ | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡25

በታኅሣሥ 2022 አርትስቴሽን ላይ ሠዓሊዎቹ ተቃውሟቸውን ለማሳየት ገጹን በአንድ ዓይነት የ«ኤአይ ይቁም» ምስል ሞልተውት ነበር። ለምን እንደተቆጡ ሄደህ አንብብ። ልጁ 12 ዓመቱ ነው፤ መሣል ነው የሚፈልገው፣ ሥዕል እንዲኖረው አይደለም።

አሮጌ ብሩሽ | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

ጤና ይስጥልኝ ልጆች። ይህን ያሳየችኝ ልጄ ናት፤ የምጽፈውም በሷ ስልክ ነው፤ ብሳሳት እሷን ውቀሱ።

ሃያ ሰባት ዓመት ታፔላ ጽፌያለሁ። ፀጉር ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ የጭነት መኪና ላይ ጥቅስ። እዚሁ ፒያሳና አረብ ሰፈር የኔ እጅ ያላረፈበት ግድግዳ ጥቂት ነበር። ባነር ማተሚያ ሲመጣ ብሩሼን ሰቀልኩ። ስለ ሱፐርማን አላውቅም። ስለ ፊደል ግን ትንሽ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ እንግዳ አይምሰላችሁ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በየሱቁ ተሰቅሎ አላያችሁም? ሸራው በሣጥን በሣጥን ይከፈላል፣ ብዙ ጊዜ 44 ክፍል ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ታነባለህ፣ ስትጨርስ ወደ ታች ትወርዳለህ። ከየሣጥኑ ጋር የአማርኛ ጽሑፍ አለ። አባቶቻችን ኮሚክስ አላሉትም እንጂ ሥራው ያው ነው። ሕግም ነበረው። ደጉ ሰው ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው በጎን ነው፤ አንድ ዓይን። የአድዋን ሥዕል እዩ፤ የኛ ሰው በሁለት ዓይን፣ ጣሊያኑ በአንድ። ለወንድምሽ ንገሪው ልጄ። ዘንዶው ክፉ ከሆነ በጎን ይሣለው። መጨረሻ ላይ ደግ ከሆነ ፊቱን ወደኛ ያዙረው። ምንም መጻፍ አያስፈልግሽም።

አሁን ወደ ጽሑፉ። ልጄ የአሜሪካኖቹን አሳየችኝ። ሁሉንም በትልቁ ፊደላቸው ነው የሚጽፉት። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ታዲያ ሰው ሲጮህ እንዴት ይታወቃል? እኔ ሥጋ ቤት ታፔላ ላይ «ጥሬ ሥጋ» ስጽፍ ፊደሉን አወፍረዋለሁ፣ ወደ ግራ አዘነብለዋለሁ፣ እግሩን አስረዝመዋለሁ። «እምቢ» ለሚል ሰው ደግሞ ጭራውን ጎትተሽ «እምቢኢኢኢ»። በኮምፒውተር ፊደል ሁሉም ሰው አንድ ድምፅ ነው ያለው፤ ዘንዶውም ልጅቷም እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ ይናገራሉ። በእጅሽ ጻፊው። ቢንጋደድ ይንጋደድ።

ሁለተኛ፣ ንግግሩ የሚጻፍበት ክብ ውስጥ አትጨናነቂ። የኛ ቃል ረጅም ነው። «ስላልተነጋገርንበት» ብለሽ አንዲት ቃል ስትጽፊ ፈረንጁ አምስት ቃል ይጠቀማል። እሱ አምስቱን ደርድሮ ክብ ይሠራል። አንቺ ቃሏን መሐል ላይ ከቆረጥሻት ታስቀይማለች። ስለዚህ ክቡን ትተሽ ወደ ጎን የተኛ ሞላላ አድርጊው።

ሦስተኛው የሚጣፍጠው ነው። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ዘንዶው ልጅቷን» ብለሽ ሣጥኑን ዝጊ። ሰው ትንፋሹን ይይዛል። በላት? ገደላት? ቀጣዩ ሣጥን ላይ «ሳማት»። ፈረንጅ ይህን ለማድረግ ብዙ መላ ይፈልጋል፤ ላንቺ ቋንቋው በነጻ ሰጥቶሻል። እንደዚያ ወደ ታች እየተገፋ ለሚነበበው ደግሞ እንዴት እንደሚያምር አስቢው።

አንድ አደጋ ብቻ አለ። ጠብቆና ላልቶ። «ዘንዶው ይበላል» ብትጽፊ ላልቶ ሲነበብ ይመገባል፣ ጠብቆ ሲነበብ ለምግብ ይቀርባል። «ይመታል»ም ያው ነው። ጀግናው ይመታ ወይ ይመታ አይታወቅም። በሰዋስው መጻሕፍት የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያደርጋሉ። ኮሚክስ ላይ ነጥብ ብታበዢ ግን ዝንብ ያረፈበት ይመስላል። እኔ ብሆን ሥዕሉ እንዲናገር አደርጋለሁ።

የማታ ፈረቃ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጅዎንም አመስግኑልኝ። «ሳማት» ላይ ስደርስ ጮክ ብዬ ስቄ ጥበቃው «ሌባ ነው?» ብሎ ተነሣ።

ወንድሜ ዘንዶውን እንደገና እየሣለ ነው። በጎን። «ታዲያ መቼ ነው የሚዞረው?» ይለኛል። እኔም አላውቅም፣ ገና አልጻፍኩትም።

ቁጥር አንድ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡20

ጋሽ ብሩሽ፣ እኔ ሃያ ዓመት ኮሚክስ አንብቤ የግሱን ነገር አንድም ቀን አላሰብኩትም። እጅ ነሥቻለሁ።

ሲያን ማጀንታ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡00

ጋሼ፣ ባነር ማተሚያው እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ይደረግልኝ 🙏 አንድ ቀን ቢሮ ብቅ ቢሉ ቡና እጋብዛለሁ፤ የእጅዎን ፊደል በስካነር አንሥተን እናስቀምጠው።

የማታ ፈረቃ፣ ማሳተም ካሰባችሁ አሁኑኑ የሚደረግ ነገር አለ። ስልክ ላይ የምታዩት ቀለም ብርሃን ነው፤ የኛ ቀለም ግን ቀለም ነው። ደማቅ ሐምራዊና የኒዮን አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲወጣ ይደበዝዛል። ሰው መጥቶ «ስልኬ ላይ እንዲህ አልነበረም» ብሎ ያልተጣላኝ ወር የለም። ቀለሙን ከመጨረሳችሁ በፊት ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ ማተሚያው ቀለም) ቀይራችሁ እዩት። መጠኑን ደግሞ ከመጀመሪያው ለወረቀቱ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ክፈቱ። በኋላ ማሳነስ ይቻላል፣ ማሳደግ ግን ጭቃ ነው።

አሮጌ ብሩሽ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡10

ቡናውን እጠጣለሁ። ቂም የለኝም ልጄ። ሽንጣም «ሀ» ትወዳለህ?

ሲያን ማጀንታ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡15

ምን እንደሆነ ባላውቅም እወዳለሁ ጋሼ።

የማታ ፈረቃ | የሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 7፡55

አለቀ! ዘጠኝ ሣጥን ነው፣ ከላይ ወደ ታች። ወንድሜ በእርሳስ ሣለው፣ በስልክ አነሣነው፣ ቀለሙን «አይቢስ ፔይንት» ላይ ቀባነው። ፊደሉን በእጄ ጻፍኩት። «ዘ»ዎቼ ሁሉ ወድቀዋል፤ ጋሼ እንዳይስቁብኝ።

እንዲህ ነው የሚሄደው። ታቦር ላይ ማታ ነው። ሰማዩ ላይ በሰፊው «ጭር» ብለናል። ሁለተኛው ሣጥን ላይ ከተማው በሙሉ «ድርግም»። ሦስተኛው ላይ ተራራው ይሰነጠቃል፤ «ቡም»ን ሰርዤ «ንድ» ብዬ ነበር፣ ወንድሜ አልጣመውም፤ «ጓጓጓ» አለ፣ ተራራ ማለት ትልቅ በር ነው ብሎ። ተሸነፍኩ። ዘንዶው በጎን፣ በአንድ ዓይን፣ ቤቶቹን እየተሻገረ ወደ ፍቅር ሐይቅ ይወርዳል። አሞራ ገደል ላይ አንዲት ዓሣ የምትጠብስ ሴትዮ ብቻ አልሸሸችም። በእጇ ፋኖስ አለ (አዎ፣ ሰርቄያለሁ። በጥቁርና ነጭ አይቼዋለሁ፣ ይሠራል)። «ዘንዶው ሴትዮዋን» ብዬ ሣጥኑን ዘጋሁ። ስምንተኛው ላይ ፊቱን ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ፦ «ለመናት»። ዓሣ ነው የለመናት። ርቦት ነው ለካ የነቃው።

የመጨረሻው ሣጥን ላይ ሴትዮዋ ድስቷን ከፍታ ለተሰበሰበው ሕዝብ «አትፍሩ፣ ዘንዶው ይበላል!» ትላለች። ነጥብ አላደረግኩበትም።

አሁን ለጥበቃው አሳየሁት። ጋቢውን ገፍቶ፣ ስልኩን አርቆ ይዞ፣ ጮክ ብሎ አነበበው። ጠብቆ። ከዚያ ዞር ብሎ «በምን ወጥ?» አለኝ።

አሮጌ ብሩሽ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡05

ነጥቡን እንዳታደርጊው።

አባ ኮዳ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

እኔ በሁለቱም ንባብ ትርፍራፊው ይደርሰኛል። ዳር ላይ ቆሜ እየጠበቅኩ ነው።